ከብቶች የላሷት ሞተር ሳይክል

ከወንዛዬ እስከ ገሳይ ያለውን መንገድ ጭነት መኪኖች በየቀኑ ይመላለሱበታል፤ ለእነሱ ጉዞ አይባልም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከደብረ ታቦር አልፌ ወደ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። አሁንም የወጣሁት አገር ለማየት አይደለም። አንዲት ሞተር ሳይክል ለማምጣት ነው።

ሞተሯ የልጄ የሙሉቀን ናት። ሙሉቀን አፋር ወርዶ አፍዴራ ላይ ጨው ሲያወጣ ኖረ። እዚያ ጨዉ የሚገኘው የሐይቁ ውኃ በኩሬ ተገድቦ ፀሐይ ሲያደርቀው ነው፤ ሠራተኛው በዚያ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል። በሰኔ ሁለቱም እግሩ ቆስሎ ተመለሰ። የእኛ አገር ፍል ውኃ ለቁስል ይበጃል ስለሚባል ክረምቱን በዱላ እየተደገፈ ጧትና ማታ ሲነከር ከረመ።

ሞተሯን እዚያው ሳለ ገዝቶ በጨው ጭነት መኪና አስጭኗት ነበር። ሐሙሲት ላይ ከአውቶቡስ የሚወርዱትን የፍል ውኃ እንግዶች ወደ ወንዛዬ እያመላለሰ ሊሠራባት ነው ሐሳቡ። መኪናው ግን በዝናቡ መንገድ ተዘግቶበት ብዙ ቀን ቆመ። ገሳይ ሲደርስ ደግሞ ተበላሸ። ጨዉ ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር ለሞተሯ ቦታ ስለጠፋ ሾፌሩ ለሚያውቃቸው ገበሬ በአደራ ሰጥቷት ሄደ። ከጆንያዎቹ ሥር ተጋድማ እንደመጣች፣ ሸራው እያፈሰሰ ዝናብ ያሟሟው ጨው ሲንጠባጠብባት እንደከረመ በስልክ የነገረን ራሱ ሾፌሩ ነው። «ትሠራ እንደሆን እንጃ» አለ።

ሙሉቀን ይህን ሲሰማ «የማትሠራ ከሆነ ከመስቀል በኋላ እመለሳለሁ» አለ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እግሩ ገና ጫማ አይገባለትም ነበርና ሄዶ የሚያያት እኔ ሆንሁ። ፍልሰታ እንደተፈታ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከወንዛዬ ሐሙሲት በባጃጅ ሄድሁ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ከግማሽ በላይ የሄድነው ባጃጇን እየገፋን ነው ማለት ይቻላል። ዶሮዎች የያዘች አንዲት ሴት ዶሮዎቿን ለእኔ አሳቅፋ ከሾፌሩ ጋር ትገፋ ነበር። እኔ ልግፋ ብል «እርስዎ ዶሮዎቹን ይጠብቁ፣ ትልቁ ሥራ እሱ ነው» አለችኝ።

ሐሙሲት ላይ የወረታው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። መቀመጥ አቃተኝ። ወርጄ እቆማለሁ፣ እንደገና እገባለሁ፣ እወርዳለሁ። ረዳቱ አይቶ አይቶ «እማማ፣ መኪናው እርስዎ ስለቆሙ አይሞላም እኮ፤ ይረፉ» አለኝ። ገብቼ ተቀመጥሁ፤ እሱ ዞር ሲል ወረድሁ።

የፎገራ ሜዳ ውኃ ሞልቶበታል። ሩዙ እንዳለ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ መንገዱ ወዲያው መውጣት ይጀምራል፤ የዓለም ሳጋን ጫካ ስናልፍ መስኮት ዝጉ፣ አትዝጉ የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ቆላ የለመድነው እንዲዘጋ፣ የደብረ ታቦር ሰዎች እንዳይዘጋ። እነሱ አሸነፉ።

ደብረ ታቦር ስደርስ ካፊያ ነበር። ከመነኸሪያው አጠገብ ካለ ፔንሲዮን አልጋ ያዝሁና እግሬን የምታጠብበት ሙቅ ውኃ ጠየቅሁ። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ «ከየት መጡ?» አለች። ከወንዛዬ አልኋት። «አሃ፣ እናንተ ውኃ የምትጥዱት ለወግ ነው አሉ፤ እዚህ ካልጣዱት አይሞቅም» ብላ እየሳቀች ጥዳ አመጣችልኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ ዘንድ ለመታጠቢያ ውኃ የሚያሞቅ ሰው ሞኝ ይባላል። ሽሮ በላሁ። እንጀራው ከእኛው ይጠቁራል፤ ግን ይጣፍጣል።

ማክሰኞ

በጧት ወደ ገሳይ የሚሄድ መኪና አገኘሁ። ጉና በስተቀኝ ነው አሉኝ፤ ደመና ስለለበሰ ተራራ መኖሩን በሰው ቃል ነው ያመንሁት። በእኛ በኩል በዚህ ወር ጤፉ ገና ይዘራል፤ እዚህ ገብሱ ማሳውን ሸፍኖታል፣ ከገብሱ የተረፈው ድንች ነው። ሰዉ በነሐሴ ጋቢ ደርቦ ይሄዳል። እኔ በነጠላ መጥቼ ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳይጠይቁኝ የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉብኝ። እንደዚያው ገሳይ ደረስን።

አደራ ተቀባዩ አቶ ደሴ ይባላሉ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ይርገዱ ጋር ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ሞተሯ ደኅና ናት» አሉኝ። «ታጥባለች። ያውም ውኃ ሳይነካት።»

እዚያ አገር ብርዱ ስለሚከፋ ከብት የሚያድረው ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ሞተሯንም ጋጣው ውስጥ ከምሰሶ ጋር እንደ ጥጃ በገመድ አስረዋት አገኘኋት። ወይዘሮ ይርገዱ በስልካቸው መብራት አበሩልኝ። ብረቷ ያብለጨልጫል። መቀመጫዋ ግን የለም፤ ስፖንጁ ብቻ እዚህም እዚያም ተንጠልጥሏል።

«ሲያወርዷት ነጭ ነበረች» አሉ አቶ ደሴ። «አመዳይ የመታት ነው የምትመስለው። በጣቴ ነክቼ ብቀምሰው ጨው። ለከብት ጨው መቼም ከገበያ ይገዛል፤ ቤት ድረስ የሚመጣ አይደለም። ማታ ቦራ ላሰቻት። በማግስቱ ስናይ የላሰችው ቦታ ብልጭ ብሏል። ጨው ብረት ይበላል ይባል የለ? እንግዲያው ብረቱን ሳይበላው ከብቱ ጨዉን ይብላው አልንና ተራ አስያዝናቸው።»

«ምን ተራ?»

«የእኛ ከብቶች ጧት፣ የጎረቤት ማታ» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። «ከወንዝ ማዶ ሁሉ ወይፈን ይዘው የመጡ አሉ።»

«መቀመጫውን የበላው እሱ ወይፈን ነው» አሉ አቶ ደሴ። «ቦራ አልበላችም።»

«ቦራ ሽቦውን ነው የበላችው።»

«ሽቦ በልታ ትኖር ነበር? የሽቦውን ልብስ ነው የላጠችው።»

ቦራ የምትባለው ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ላም ናት፤ በዚህ ሁሉ መሐል የሞተሯን መሪ ትልሳለች። ሳቄን በነጠላዬ ያዝሁት። ሰዎቹ ባለማወቅ ያደረጉት ቢሆንም በደግነት ነው፤ ደግሞም ብረቱ በእርግጥ ጠርቷል። መቀመጫ ይሠራል፣ ሽቦ ይለወጣል ብዬ አሰብሁ።

እራት የተቀቀለ ድንች በአዋዜና የገብስ ቂጣ ነበር። ወተት በትልቅ ኩባያ ሰጡኝ። ወይዘሮ ይርገዱ «ሞተሯ ከመጣች ወዲህ ወተቱ ጨምሯል፤ ስትወስዷት ቦራ ታኮርፋለች» አሉ። እነሱ ቤት ስልክ የሚሠራው ደጅ ወጥቶ ከአጥሩ ጥግ ነውና ወጥቼ ለሙሉቀን ደወልሁ።

«አየሻት?»

«አየኋት። ንጹሕ ናት።»

«ኢንጅኗስ?»

«ከብት ኢንጅን አይልስም» አልሁትና የሆነውን ነገርሁት። ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ ሲስቅ ገና መስማቴ ነው። ከዚያ ስለ ሞተሯ ብዙ ጠየቀኝ፤ የማላውቀውንም ጭምር መለስሁለት። አልጋዬ ከግድግዳው ወዲህ፣ ከብቶቹ ከወዲያ ነበሩ። ሲያመነዥኩ እየሰማሁ ብዙ ተገላበጥሁ።

ረቡዕ

ድንች ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር የሚወርድ አይሱዙ ተገኘ። አቶ ደሴና ጎረቤቶቻቸው ሞተሯን ተሸክመው ሲያወጡ አንደኛው አዳልጦት ወደቀ፤ ሞተሯም በላዩ። እሱ ተነሣ፣ እሷም ተነሣች። ሾፌሩ «ጨው ላይ ተጭና መጣች፣ አሁን ድንች ላይ ልትሄድ ነው፤ እንግዲህ በርበሬ ብቻ ነው የቀራት» አለ። ወይዘሮ ይርገዱ ግማሽ ጆንያ ድንች አሸከሙኝ። ለጥበቃው ምን ላድርግ ብላቸው ተቆጡ። ቦራ እስከ አስፋልቱ ተከትላ መጥታ ቆማ ቀረች።

ደብረ ታቦር ከገበያው በታች ሰይድ የሚባል መካኒክ አለ ተብዬ እዚያ አወረድናት። ሰይድ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው፤ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያት።

«ማን ነው ያጠባት?»

«ከብት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የምን ከብት?»

«የገሳይ።»

በአጎራባች ያለውን ቆርቆሮ ሻጭ ጠራና እንደገና ይንገሩት በሚል ዓይን ተመለከተኝ። ነገርሁ። ከዚያ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ከዚያ ሻይ የምታፈላው። ለሁሉም ደገምሁት። ሻይዋን የምታፈላው ሴት «ለካ ባሌን የሚያጥበው አጥቼ ነው እንጂ መድኃኒቱስ ነበረ» አለች። ሰይድ ብቻ ትንሽ ስቆ አቆመ። «ነገ ጧት ይምጡ እናቴ፤ ልፍታትና እንነጋገራለን» አለኝ።

ቀሪውን ቀን ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። ገበያውን ዞርሁ፤ ምንም አልገዛሁም። ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ። ወደ ጋራዡ የሚወስደውን መንገድ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ። እኛ ዘንድ ልቡ ያልረጋ ሰው ፍል ውኃ ገብቶ ይቀመጣል፤ እዚህ የሚሄዱበት እንጂ የሚቀመጡበት አላገኘሁም።

ሐሙስ

ስደርስ ሰይድ ጊዜያዊ ሽቦ አያይዞ ጠበቀኝ። መርገጫውን መታው፤ ድምፁ ሳል ይመስላል። ደገመው። በሦስተኛው ኢንጅኑ ተነሣና ጋራዡን በጭስ ሞላው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገባሁ።

ሰይድ ግን ደስ ያለው አይመስልም። አጠፋውና ትንሽ መዶሻ አንሥቶ ሻንሲዋን፣ ማለት ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጥንቷን፣ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አደረገ። ከፊት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከመቀመጫው ሥር ሲደርስ እንደ ደረቅ ቅል ሆነ። ካቻቪቴ አንሥቶ እዚያ ላይ አስደግፎ ገፋ አደረገው፤ ኃይል ሳይጠቀም ገባ። ሲያወጣው ዝገትና እርጥብ ጨው አብሮ ወጣ።

«ከላይ አጽድተዋታል» አለ። «የከብት ምላስ ግን ቱቦ ውስጥ አይገባም። ጨዉ በቡሎኑ ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ ነው የበላት። ላሟ በምራቋ እያራሰቻት መክረሟም አልረዳትም።»

«ይበየድ።»

«ይበየዳል። ግን ብየዳ ጤነኛ ብረት ካላገኘ ምኑን ይይዛል? እዚህ ብበይድ ከጎኑ ይሄዳል።»

«ቢነዳትስ?»

«እርስዎን ይዛ እስከ ገበያው ደርሳ ትመለሳለች። ሰው ከኋላ ጭና ጉድጓድ ስትገባ ለሁለት ትከፈላለች። ነገ ይሁን የዛሬ ዓመት አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ሻንሲ ደግሞ እዚህ አይገኝም። ኢንጅኗን ግን ጨው አልነካውም፤ እሱን ላውጣልዎት።»

ወጥቼ ለሙሉቀን ደወልሁ። አስቀድሜ ኢንጅኗ መነሣቱን፣ ከዚያ ሌላውን ነገርሁት።

«ይበየዳ» አለ።

«አይይዝም ይላል።»

«ታዲያ ቀለም ይቀባትና ትምጣ። ቀስ ብዬ እነዳታለሁ። የምትሰበር ከሆነ ስትሰበር እናያለን።»

«ሰው ትጭንባታለህ።»

«ቀለል ቀለል ያለውን እጭናለሁ።»

«ፍል ውኃ የሚመጣው በሽተኛ ነው፤ ሲወድቅ የሚነሣ አይደለም።»

«እማዬ፣ ካልመጣች እሄዳለሁ። ነግሬሻለሁ» አለ።

«ነግረኸኛል» አልሁት።

ስልኩን ዘግቼ እስከ ገበያው ሄድሁና ተመለስሁ። ቀለም ብትቀባ አዲስ ትመስላለች። እሱም ደጃችን ላይ ያቆማታል፤ ማታ ይገባል፤ ለአንድ ዓመትም ቢሆን። ጨው ውኃ ውስጥ ከሚቆም ይሻላል አልሁ። እንደገና እስከ ገበያው ሄድሁ። ከሐሙሲት ወደ እኛ የሚወስደው መንገድ ላይ ክረምት የቦረቦረው ቁልቁለት አለ። ባጃጇን የገፋንበት ነው። ያቺ ዶሮ የያዘችው ሴት ከኋላው ተቀምጣ ስትወርድ ታየችኝ።

ተመልሼ «ቁረጣት» አልሁት ሰይድን።

«ምኗን?»

«ሻንሲዋን። ኢንጅኑን አውጣና ማንም ሊበይዳት እንዳይችል አድርገህ ቁረጣት።»

«ልጅዎ ተስማማ?»

«አልተስማማም።»

ሰይድ ሬዲዮውን ዘጋ። ኢንጅኑን ፈትቶ አወረደ። መቁረጫውን ሲያስነሣ «ወደዚያ ይራቁ፣ እሳቱ ይረጭብዎታል» አለኝ። ራቅ ብዬ እስኪጨርስ ቆምሁ። ሦስት ቦታ ቆረጣት። ኢንጅኑን በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ከተተልኝ። ዝናብ ስለመጣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት አስገብታ አስቀመጠችኝ፤ ያን ቀን ቀልድ አልተናገረችም።

ዓርብ

የፔንሲዮኗ ልጅ ኢንጅኑን እስከ መነኸሪያ ተሸከመችልኝ፤ እኔ ድንቹን። ረዳቱ ጆንያውን ሲያነሣ «እማማ፣ ከደብረ ታቦር ድንጋይ ጭነው ነው የሚሄዱት? ቆላ ድንጋይ ጠፋ?» አለ። ከእግሬ ሥር አስቀመጠው። በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ይጠጋ ነበር። መስኮቱ ተከፍቷል፤ እየሞቀ ሲመጣ ዝጉ የሚል አልነበረም።

ሙሉቀን ሐሙሲት መነኸሪያ በዱላ ተደግፎ፣ በነጠላ ጫማ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጆንያውን አየ።

«ሻንሲዋስ?»

«ተቆርጣለች።»

«ማን አስቆረጣት?»

«እኔ።»

ጆንያውን ባጃጅ ላይ ያነሣው ሾፌሩ ነው። ቤት ስንደርስ ሙሉቀን ፍል ውኃው ዘንድ ወርዶ እስኪመሽ ተቀመጠ። ድንቹን ቀቅዬ ጠበቅሁት፤ የገሳይ ድንች ቶሎ ይበስላል። በላ።

ከዚያ እስከ መስቀል የተነጋገርነው ስለ ምግብና ስለ ዝናብ ነው። እግሩ ዳነ። ከመስቀል በኋላ አንድ ጧት ጫማውን አድርጎ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። በሶ ቋጥሬ ሰጠሁት። ቅርም ሂድም አላልሁትም። ወደ አፋር የሚወስደው መንገድ በደብረ ታቦርና በገሳይ ነው የሚያልፈው። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ስወጣና ስገባ ዋልሁ። አንድ ሥራ ጀምሬ ሌላ አነሣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«ደብረ ታቦር ነኝ።»

«መኪናው ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። እኔ ወረድሁ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«ሰይድ ጋራዥ መጣሁ። ሻንሲዋ አጥሩ ሥር ተጥላለች። ጣቴን አስገባሁባት፤ እስከዚህ ድረስ።»

እስከ የት እንደሆነ በስልክ አይታየኝም። «ጨው አለ?» አልሁት።

«አለ። አሁንም እርጥብ ነው።» ከኋላው መዶሻ ይሰማል። «ሰይድ ጎንደር ስለ ሻንሲ እጠይቃለሁ ይላል። ይገኛል ግን አላለም።»

«አይ፣ አይልም።»

«ወደ ላይ የሚሄደው መኪና አመለጠኝ። ነገ ጧት ሚኒባስ አለ።»

«ወዴት የሚሄድ?»

«ወደ ሐሙሲት።»

እንግዲያው በወረታ ስታልፍ ሽንኩርት ያዝልኝ አልሁት።